ሳይነቅሉ ማወቅ

የአገር በቀል የዱር ዕፅዋትን እየዞሩ መፈለግና ፎቶ ማንሳት ላይ ላዩን ሲታይ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ማንም አልዘራቸውም፤ ማንም አልኮተኮታቸውም፤ ገበያም አይወጡም። ሆኖም አንዳንድ ሰው በዳገቱና በረግረጉ እየተንበረከከ መልካቸውን ያስቀራል። ከዚህ ቀላል ከሚመስል ድርጊት ጀርባ የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ አለ። ለሰው ምንም የማይሰጥ ቡቃያ በራሱ ዋጋ አለው? ሳይጠቀሙበት ማየት የማወቅ መንገድ ነው ወይስ ሥራ ፈትነት? ጥያቄው በየትም አገር ይነሣል። ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን፣ በቆላ ድባ ዙሪያ ሲነሣ ግን ገበሬው፣ ቄሱ፣ ባለመድኃኒቱና የዕፅዋት ተመራማሪው ለረጅም ዘመን ሲመልሱት ከኖሩበት መሬት ላይ ነው።

ቆላ ድባ የምሥራቅ ደምቢያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ ጎርጎራ በሚወርደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ ሰፊው የደምቢያ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ክረምት ሲገባ እግር የሚይዝ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው። መገጭና ድርማ ወንዞች ከሰሜኑ ደጋ አፈር ተሸክመው በዚሁ ሜዳ አልፈው ወደ ጣና ይገባሉ። ክረምት ላይ ሐይቁ ወደ እርሻው ይገፋል፤ በጋ ላይ ሲሸሽ ገበሬው እየተከተለ ባሕር ሸሹን መሬት ያርሳል፤ ሽምብራውና ጓያው በቀረው እርጥበት ይበቅላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ለዱር ተክል የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። ማረሻ የማይደርስበት የማሳ ድንበር፣ የወንዝ ዳር፣ የከብት መዋያ ጨፌ፣ የድንጋያማ ኮረብታ ጎን፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የመቃብር ስፍራና የሐይቁ ጠርዝ ብቻ ይቀሩለታል። በደምቢያ የዱር ዕፅዋትን የሚፈልግ ሰው ጫካ ሊገባ አይችልም፤ የሚሄደው በእርሻ መካከል ያሉትን ጠባብ መስመሮች ተከትሎ ነው።

በእነዚህ መስመሮች ላይ ግን ዓመቱ ባዶ ሆኖ አያልፍም። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባ ድንበሩን ቢጫ ያለብሳል፤ የኑግ የዱር ዘመድ የሆነው መጭም በሰብሉ ውስጥ ሳይጠራ ይመጣል፤ ገበሬውም እየነቀለ ይጥለዋል። በኮረብታው ጎን ቀጋ ነጭ አበባዋን ታወጣለች። የደጋው ሰው ከአጥር እሾህ አስበልጦ ባያያትም፣ በሐሩራማው የአፍሪካ ክፍል በተፈጥሮ የምትገኝ ብቸኛዋ የጽጌረዳ ዘር እሷ ናት። በጋ ሲጠነክር ቆርች ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ይደረድራል። በሐይቁ ዳር ደንገልና ፊላ ይቆማሉ፤ ጸጥ ባለው ውሃ ላይ ነጭና ሰማያዊ የውሃ አበቦች ይዘረጋሉ። ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው፤ የጣና አጥማጆች ፍሬውን ፈጭተው ዓሣ ለማደንዘዝ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ ብሳና፣ አጋም፣ ምስርች፣ ክትክታ፣ ጥንጁት፦ እያንዳንዱ ስም ከአንድ ሥራ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ጥንጁት ለእንስራ ማጠኛ፣ ዋንዛ ለሳንቃ፣ አጋም ለእረኛ ምሳ ነው። ሥራ የሌለው ግን ብዙ ጊዜ ስምም የለውም፤ “አረም” ወይም “ሣር” ተብሎ ይታለፋል።

ይህ አስተያየት የገበሬ ብቻ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት ሃያ ሁለት ፍጥረታትን ፈጥሯል፤ ሦስቱ የማክሰኞ ሲሆኑ ሦስቱም ዕፅዋት ናቸው። መምህራኑ ሲዘረዝሯቸው በእጅ የሚለቀም፣ በማጭድ የሚታጨድ፣ በምሳር የሚቆረጥ ይሏቸዋል። ዕፅዋቱ እዚህ የተለዩት በቅጠላቸው ቅርጽ ወይም በአበባቸው ቀለም ሳይሆን የሰው እጅ በምን መሣሪያ እንደሚደርስባቸው ነው። ለሚያርስ ሕዝብ ይህ አከፋፈል ብልህና ለመያዝ ቀላል ነው። ግን ማንም የማይለቅመው፣ ማንም የማያጭደው፣ ለምሳርም የማይበቃ ቡቃያ ከሦስቱ በየትኛው እንደሚገባ ግልጽ አይደለም።

ከገበሬው ቀጥሎ ተክልን አጥብቆ የሚያየው ባለመድኃኒቱ ነው። ደብተራዎች “ዕፀ ደብዳቤ” በሚባሉ መጻሕፍት የቅጠሉንና የሥሩን ኃይል ጽፈው አቆይተዋል። መድኃኒት ቆራጩ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ሰው አያናግርም፤ ቀኑን ይመርጣል፤ ሲቆርጥም ጥላው በተክሉ ላይ እንዳያርፍ ይጠነቀቃል። ለዘመናዊ አንባቢ ይህ ሥርዓት አጉል እምነት ሊመስለው ይችላል። ፍሬ ነገሩን ለሚያስተውል ግን በሥርዓቱ ውስጥ ክብር አለ፤ ተክሉ ኃይል ያለው፣ የሚቀርበው ሰው አካሄድ የሚመለከተው ነገር ተደርጎ ተቆጥሯል። ፎቶ አንሺም በጠዋት ብርሃን ቡቃያው ፊት ሲንበረከክ መጀመሪያ የሚያስበው ጥላውን ነው፤ በሌላ ምክንያት ይሁን እንጂ እሱም ጥላውን ይሰበስባል። ልዩነቱ ባለመድኃኒቱ የሚያውቀውን ይሰውራል፤ ፎቶ አንሺው ያየውን ያሳያል። የትኛው እንደሚሻል ደግሞ ያን ያህል ግልጽ አይደለም፤ ኋላ ይመጣል።

ሦስተኛው ቆራጭ የዕፅዋት ተመራማሪው ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ሲገባ አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ነበር፤ ሥራውም መሣል ነው። ብሩስ በተቅማጥ ታምሞ ሳለ በአገሬው መድኃኒት በዋጊኖስ እንደዳነ ጽፏል። ተክሉ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ የሚጠራው በብሩስ ስም ነው፤ መድኃኒቱን ያሳየው ሰው ግን በዚያ ስም ውስጥ የለም። የኮሶም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ብሩስ ለእንግሊዛዊው ወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ሊያደርገው ፈለገ፤ በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች ውሳኔ የካርል ሃገን ስም ተሰጠው፤ ሃገን በኮኒግስበርግ ይኖር የነበረ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ነው። አገሩን ያላየ ሰው ስሙ በኢትዮጵያ ደጋ ዛፍ ላይ ቀረ። ባሉጋኒ በ1771 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.) አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም የሥዕሎቹን ክብር ለራሱ ወሰደ። ዛሬ ሥዕሎቹ በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል፤ በ1991 (እ.ኤ.አ.) በባሉጋኒ ስም መጽሐፍ ሆነው ታትመዋል። ሠዓሊው ስሙን ለማስመለስ ሁለት መቶ ዓመት ጠበቀ።

ከብሩስ በኋላ የመጡትም ብዙ ናቸው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን፣ በ1937 (እ.ኤ.አ.)፣ በጆቶ ዳይኔሊ የተመራ የጥናት ቡድን ጣናን ዞረ፤ ዕፅዋቱን ያጠናው ሮዶልፎ ፒኪ ሰርሞሊ ነበር። ሥራው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የተሠራው ግን ወራሪ ጦር በከፈተው መንገድ ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። አገሪቱ የራሷን የዕፅዋት መዝገብ ማዘጋጀት የጀመረችው በ1980 (እ.ኤ.አ.) ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው “የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ” ሥራ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ተጠናቀቀ። ስምንት ቅጽ ነው፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ከእነዚህ አሥር በመቶ ገደማ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። መዝገቡ የዝርያዎቹን መገኛ የሚያመለክተው በሰፋፊ ክፍሎች ነው፤ ደምቢያ “ጎንደር” በሚለው ውስጥ ተጠቃላለች፤ ጣናን ተሻግሮ ያለው “ጎጃም” ነው። ስለዚህ አንድ ተክል በጎንደር አለ ሲባል ከሰሜን ተራራ ጫፍ እስከ ጣና ዳር የት እንዳለ መዝገቡ ብቻውን አይናገርም። በትክክለኛ ቀንና ቦታ የተነሣ ፎቶ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ሦስቱም፣ ገበሬውም ባለመድኃኒቱም ተመራማሪውም፣ ተክልን የሚያውቁት ቆርጠው ነው። ተመራማሪው ቆርጦ፣ በጋዜጣ መሐል አድርቆ፣ በወረቀት ላይ ሰፍቶ ያስቀምጠዋል። ፎቶ አንሺው ብቻ ተክሉን እንደቆመ ትቶት ይሄዳል። ከማክሰኞ ሦስቱ መሣሪያዎች አንዱንም አልያዘም።

ምስል መሥራት ራሱ ከሃይማኖት ትእዛዝ ጋር ይጋጫል ወይ የሚለው በአጭሩ የሚመለስ ነው። በኦሪት የተቀረጸ ምስል የተከለከለው ለአምልኮ ነው። በዚያው በኦሪት ዘጸአት የመቅደሱ መቅረዝ ጽዋዎቹ በለውዝ አበባ አምሳል እንዲሠሩ ታዟል፤ የሰሎሞን ቤተ መቅደስ ግድግዳም የዘንባባና የፈነዳ አበባ ቅርጽ ነበረበት። በእስልምናም የነቢዩ ባልደረባ የነበሩት ኢብን ዐባስ ሥዕል እየሠራ ለሚተዳደር ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሥል እንደመከሩት በሐዲስ ተዘግቧል። በደምቢያ ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተ እስራኤሉም በሌላ ምስል ላይ ቢለያዩ በአበባ ምስል ላይ የሚጣሉበት ምክንያት የላቸውም። ልማዱም ይህንኑ ያሳያል። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጃገረዶች አደይ አበባ ቀጥፈው ሲዞሩ ወንዶቹ ልጆች በቀለም የሣሉትን አበባ ለጎረቤት ያድላሉ። አበባውን መስጠትና የአበባውን ሥዕል መስጠት በአንድ ቀን፣ በአንድ ደጃፍ፣ እኩል እንደ ስጦታ ይቆጠራሉ። ሥዕሉ ደግሞ ምንም አልቀጠፈም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ትለዋለች። ሜዳው በአበባ በተሸፈነበት በዚያው ወቅት ሊቃውንቱ ሌሊቱን በማኅሌተ ጽጌ ያድራሉ፤ እመቤታችንንና ልጇን በአበባና በፍሬ እየመሰሉ ያመሰግናሉ። የትም ቢፈለግ ወቅትን ከጸሎት ጋር ይህን ያህል ያስማማ ሥርዓት ብዙ አይገኝም። ነገር ግን በምሳሌ ውስጥ አበባው መንገድ ነው፤ ዓይን በእሱ ላይ አርፎ አይቆይም፤ ወደ ተመሰለለት ያልፋል። የትኛው አበባ እንደሆነ፣ ስንት ቅጠል እንዳለው፣ በየትኛው ድንበር እንደበቀለ ለምስጋናው አይጠቅምም። ፎቶ አንሺው ደግሞ በተቃራኒው በዚህ አበባ ላይ ይቆማል፦ ቅጠሉን ትል በበላው፣ ከመቃብሩ ድንጋይ ሥር በወጣው በዚህ ላይ። ምሳሌውን የሚወድ ሰው ይህን ከፍ ያለውን ትቶ በዝቅተኛው ላይ መቅረት ሊለው ይችላል። ወቀሳው ቀላል አይደለም።

መልሱ ግን ከዚያው ከትምህርቱ ይገኛል። ዕፅዋት የተፈጠሩት ማክሰኞ ነው፤ ሰው የተፈጠረው ዓርብ ነው። እግዚአብሔር ዕፅዋቱን አይቶ መልካም መሆናቸውን የመሰከረው ለቃሚውም፣ አጫጁም፣ ቆራጩም፣ በአበባ የሚመስለው ባለቅኔም ሳይኖር ነው። ዕፅዋት ለሰውና ለእንስሳት ምግብ ሆነው መሰጠታቸው እውነት ነው፤ ያ የተነገረው ግን በዓርቡ ነው። በሁለቱ መካከል ሁለት ቀን አለ። በእነዚያ ቀናት የደምቢያ ሣር ለማንም ሳይጠቅም መልካም ነበር። በየዕለቱ ጸሎት የሚደገመው የሠለስቱ ደቂቅ ምስጋናም ከፀሐይና ከዝናም ጋር በምድር ላይ የሚበቅለውን ሁሉ ፈጣሪውን እንዲያመሰግን ይጠራል፤ ሰው ስለ እነሱ እንዲያመሰግን ሳይሆን ራሳቸው እንዲያመሰግኑ። በቁርኣንም በአር-ራሕማን ምዕራፍ ዕፅዋት ይሰግዳሉ። የሚሰግድና የሚያመሰግን ነገር የሌላ ምሳሌ ብቻ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ከሆነ በአንዲት ቡቃያ ላይ ማተኮር ከአምልኮ መውረድ አይባልም፤ የማክሰኞውን እይታ መከተል ነው።

ፍልስፍናም በሌላ በር ወደዚሁ ደርሷል። የብሩስ መጽሐፍ በታተመበት በዚያው በ1790 (እ.ኤ.አ.) አማኑኤል ካንት ስለ ውበት ፍርድ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። ካንት አበባን የነጻ ውበት ምሳሌ አድርጎ ያነሣዋል፤ ውብ ነው ለማለት ለምን እንደተሠራ ማወቅ አያስፈልግም፤ የአበባን ሥራ የሚያውቀው የዕፅዋት ሊቅ እንኳ ውበቱን ሲፈርድ ያንን ወደ ጎን ይተወዋል ይላል። ሐሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ግን ከማክሰኞው ያነሰ ነው። ካንት የሚናገረው ስለ ተመልካቹ ፍርድ ነው፤ ተመልካቹ ከሌለ አበባው መልካም ስለመሆኑ ብዙ አይልም።

ብዙ ጊዜ የዱር ዕፅዋትን ለመጠበቅ የሚቀርበው ክርክር ከዚህ የተለየ ነው፤ “ነገ መድኃኒት ሊሆን ይችላል” ይላል። ለዚህ የእንዶድ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ታላቅ ግኝት ነው፤ የተገኘውም በማስተዋል ነው። እንደ ክርክር ግን ይህ መንገድ ደካማ ነው። ጥቅም ያለውን ተክል ያድናል፤ ተመርምሮ ምንም ያልተገኘበትን ግን ለማረሻ አሳልፎ ይሰጣል። በዓለም ላይ ካሉት ዕፅዋት የሚበዙት ደግሞ ምናልባት እነዚያ ናቸው።

ማየት ዋጋ አለው ከተባለ ማየትን በደንብ መማር ይከተላል። አደይ አበባ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። በቅርብ ሲታይ አንድ አበባ የሚመስለው አንድ አይደለም፤ ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አበባ ናቸው፤ መሐሉን የሞሉት ጥቃቅን ቱቦዎችም እንዲሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ “አደይ አበባ” ተብለው የሚጠሩት ተቀራራቢ ዝርያዎች ከአንድ በላይ ናቸው። የሚለዩት በዋናነት በፍሬያቸው ነው፤ የአንዱ ፍሬ በጎኑ ክንፍ አለው፣ የሌላው የለውም፣ ሌላው ጫፉ ላይ ሹል ነገር ይዟል። እንግዲህ በመስከረም የተነሣ፣ ከላይ ወደ ታች የታየ፣ ያማረ የአደይ ፎቶ የትኛው አደይ እንደሆነ አይነግርም። አንሺው አበባው ረግፎ ማንም በማያየው በጥቅምት ማብቂያና በኅዳር ወደዚያው ድንበር መመለስ አለበት። የቅጠሉ ጀርባ፣ ግንዱ ላይ ያለው ጸጉር፣ ፍሬው፣ የበቀለበት አፈር፣ አጠገቡ ያሉት ጎረቤቶቹ ሁሉ አብረው መነሣት አለባቸው። ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ በእንፍራንዝ ኖረ በሚባለው በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚጠራው “ሐተታ”፣ የማን ድርሰት ነው የሚለው ክርክር እስካሁን ባይበርድም፣ የተሰማን ሁሉ ከመቀበል መርምሮ መያዝን ያስተምራል። ስለ ተክልም ከዚህ የተሻለ ምክር የለም፤ አንድ ፎቶ ወሬ ነው፣ ወቅቱን የጠበቀ ተከታታይ ፎቶ ግን ምስክር ነው።

ውበትን ከመልካምነት ጋር አንድ የሚያደርግ ሰው በደምቢያ ዳርቻ እምቦጭን ያገኛል። ተክሉ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በጣና መኖሩ የታወቀው በ2011 (እ.ኤ.አ.) በሰሜኑ ዳርቻ፣ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ነው። ሐምራዊ አበባው በላይኛው ቅጠሉ ላይ ዓይን የመሰለ ቢጫ ነጥብ አለው፤ ከሐይቁ ተክሎች ሁሉ ለካሜራ የሚመቸው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚሁ አበባ በታች ግን ጥቅጥቅ ያለ ምንጣፍ ጀልባ ያግዳል፣ ውሃውን አየር ይነሣዋል፣ ዓሣውን ያባርራል፤ ደንገሉን ይሸፍናል፣ የከብት ግጦሹን ይወርሳል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። የደምቢያ ገበሬዎች ውሃ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ለእነሱ የእምቦጭን አበባ አሳምሮ ማንሳት ቀልድ ነው፤ ልክ ናቸውም።

ሆኖም እምቦጭ ክፉ ተክል አይደለም፤ ክፉ ተክል የሚባል ነገር የለም። በአገሩ ወንዝ ላይ የሚገድቡት ተባዮች አሉት፤ በዓለም ዙሪያ የተበተነው ለአበባው ውበት ሲሉ ሰዎች ይዘውት ስለዞሩ ነው። አጥፊ ያደረገው ያለቦታው መገኘቱ ነው። በርበሬና በቆሎም ከአሜሪካ መጥተው በደምቢያ ጓሮ ተወዳጅ ሆነዋልና አገር በቀልነት ብቻውን ጽድቅ አይሆንም፤ ባዕድነትም ኃጢአት አይደለም። መመዘን ያለበት ተክሉ ከገባበት ቦታ ሌላው መኖር ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። የእምቦጭ ፎቶ ዋጋ የሚኖረው ከአበባው በታች የሆነውን አብሮ ሲያሳይ ነው፤ አበባውን ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ ፎቶ ምንም ሳይዋሽ ያታልላል።

በጣና ዙሪያ የዱር ዕፅዋት በብዛት የተረፉት በአድባራትና በገዳማት ቅጥር ውስጥ ነው። በዘጌ የአቡነ በትረ ማርያምን ቃል በመያዝ በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም የተከለከለ ነው፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የበቀሉት ጻድቁ ከተከሉት በትራቸው ነው ተብሎ ይተረካል። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ይህ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ግን ለተነሣው ጥያቄ የተሟላ መልስ አይደለም፤ ዛፉ የተጠበቀው ለታቦቱ ክብር ነው፤ ከቅጥሩ አንድ ክንድ ወጣ ያለው ያው ዛፍ በምሳር ይወድቃል። የማክሰኞው መልካምነት በካብ አይወሰንም። ወደ ቅጥሩ የሚገባ ፎቶ አንሺም ተክል ፍለጋ ነው ብሎ ሥርዓቱን ሊያልፍ አይገባውም፤ አለቃውን ወይም አበምኔቱን ማስፈቀድ፣ ጫማ ማውለቅ፣ በቅዳሴ ሰዓት ካሜራን ማስቀመጥ ግድ ነው።

የባለመድኃኒቱ ምስጢርና የፎቶ አንሺው ግልጽነት ጉዳይም እዚህ ላይ ይመለሳል። ማሳየት ሁልጊዜ ደግነት አይሆንም። የብርቅ ተክል ትክክለኛ ቦታ ለሁሉ ሲታወቅ ነቃዩም ያገኘዋል፤ ዓለም አቀፍ የዝርያ መዝገቦች ለመጥፋት የተቃረቡትን ቦታ የሚያደበዝዙት በዚህ ምክንያት ነው። ዕውቀትም ይሰረቃል። በኔዘርላንድ አንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ነው። ኢትዮጵያ የዘረመል ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አላት፤ ሕጉ የማኅበረሰቡን አስቀድሞ የመፍቀድና ከጥቅሙ የመካፈል መብት ያውቃል። የሕጉ መንፈስ ለፎቶ አንሺም ይሠራል። ተክሉን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ባልቴት በእምነት የነገሩትን የመድኃኒት አሠራር ከፎቶው ሥር መጻፍ ሌላ ነው። ሁለተኛው ያለ ፈቃድ ከተደረገ፣ ምንም ሳይቆርጡ መውሰድ ይሆናል።

የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ የደምቢያ ድንበሮች ግን በየዓመቱ እየጠበቡ ነው፤ ከአንድ መስከረም ወደሚቀጥለው ማረሻው ጥቂት ስንዝር ይገፋቸዋል። በቆላ ድባ፣ በጯሂትና በጎርጎራ ስልክ በእጁ ያለ መምህርም ተማሪም ሥራውን ከብርቅዬ ተክል ፍለጋ መጀመር የለበትም። ከቤቱ አጠገብ ካለው ድንበር፣ “አረም ነው” ተብሎ ከሚታለፈው ይጀምር። አበባውን በመስከረም፣ ፍሬውን በኅዳር ያንሣ፤ ቀኑንና ቀበሌውን ይጻፍ፤ የአገሩን ስም ከገበሬው ጠይቆ ይያዝ፤ ገበሬውም ከፈቀደ ስሙን የነገረው እሱ መሆኑን አብሮ ይመዝግብ።